ስሞኩን ማን ይጣል?

ይህ ጽሑፍ ቫሎራንት በሚባለው የተኩስ ቪዲዮ ጨዋታ ቡድን ለመመሥረት ላሰቡ ወጣት ተጫዋቾች ካደረግኩት ንግግር የተሰናዳ ነው። የመድረኩን ቀልድ ትንሽ ቀነስኩ እንጂ አነጋገሬን አልቀየርኩትም።

እስቲ በእጅ ቆጠራ እንጀምር። ዱዌሊስት (ቀድሞ ገብቶ የሚዋጋውን) የምትጫወቱ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አውርዱ፤ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ኮንትሮለር (ጭስ የሚጥለውን) የምትጫወቱስ? አንድ፣ ሁለት... አንተ ከኋላ ያለኸው፣ እጅህን ነው ያወጣኸው ወይስ ራስህን እያከክ ነው? እሺ፣ ሦስት።

ንግግሬን እዚሁ ባቆመውም ጉዳዩ የገባችሁ ይመስለኛል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ቀድሞ የሚገባ ሰው ሞልቷል። እሱ እንዲገባ ስሞክ፣ ማለትም እይታ የሚከልል ጭስ፣ የሚጥልለት ሰው ግን ሦስት ነው፤ አንዱ ደግሞ ያወጣው ግማሽ እጅ ነው።

ጨዋታውን የማታውቁ፣ ወንድም እህት አጅባችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ለእናንተ ባጭሩ ልንገራችሁ። ቫሎራንትም ሆነ ካውንተር ስትራይክ አምስት ለአምስት ነው። አንዱ ወገን ቦምብ ሊተክል ይመጣል፣ ሌላው ይከላከላል። 12 ራውንድ ሲያልቅ ወገን ይቀያየራሉ። ቀድሞ 13 የሞላ ይወስዳል። የሞተ ሰው ደግሞ ራውንዱ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያያል። ነገሩን ሁሉ የሚያከብደው ይሄ የመጨረሻው ነው። ሞተህ ከሦስት ሰከንድ በኋላ በምትመለስበት ጨዋታ ሁሉም እንዳሻው ቢሮጥ ምንም አይደለም። እዚህ ግን በከንቱ የሞተ ሰው አምስቱን አራት አድርጓቸው ይሄዳል። (ሙት የምታስነሳዋ ገጸ ባሕርይ፣ ሴጅ፣ ካልቀሰቀሰችው በስተቀር። አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።)

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልውሰዳችሁ።

የመጀመሪያ ቡድናችንን ስንመሠርት አምስታችንም ኤይማችን (አነጣጥሮ መምታታችን) አሪፍ ነበር። ራንክ ላይ ለየብቻ ስንጫወት ስኮርቦርዱ አናት ላይ ነው የምንገኘው። ተሰባሰብን፣ ስም አወጣን፣ አርማ አሠራን። አርማው በጣም ያምር ነበር። የመጀመሪያው ውድድራችን ላይ ጄት፣ ሬይና፣ ሬዝ፣ ፊኒክስ እና ቼምበር የሚባሉ ኤጀንቶች (የጨዋታው ገጸ ባሕርያት) ይዘን ገባን፤ ከቼምበር በቀር ሁሉም ዱዌሊስት ናቸው። 13 ለ 4 ተሸነፍን። ያሸነፉን ልጆች አንድ ለአንድ ብንገጥማቸው አንዳቸውም የሚችሉን አልነበሩም። ያንገበገበኝ እሱ ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቀረጻውን ከፈትኩት። አንድ ራውንድ ላይ ቆምኩ። ደጋግሜ አየሁት።

ማፑ (የምንጫወትበት ካርታ) አሴንት ነው። ኤ ሳይት (ቦምብ ከሚተከልባቸው ቦታዎች አንዱ) ላይ እየገባን ነው። ጄታችን አንድ ገደለች፣ ሬዝ አንድ ጨመረች፣ እኛ አንድ ሞተብን። ስፓይኩን (ቦምቡን ማለት ነው) ተከልን። አራት ለሦስት ነን። ከዚህ ወዲያ ሰዓቱ የኛ ነው። ስፓይኩ ለመፈንዳት 45 ሰከንድ ይወስዳል፣ ለማክሸፍ 7 ሰከንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተከላካዮቹ እስከ 38ኛው ሰከንድ ካልጀመሩ አለቀላቸው። እኛ መሞት የለብንም፣ መግደልም የለብንም። መቆየት ብቻ ነው ያለብን።

ምን አደረግን? ተበታትነን አደን ወጣን።

ጄታችን ሄቨን ወጣች። (ሄቨን ስል ያንን ሦስት ሳይት ያለውን ማፕ አይደለም፤ ሳይቱን ቁልቁል የሚያየውን ፎቅ ነው።) ሬይናችን ደግሞ ትሪ ወደሚባለው መግቢያ ሄደ፤ ብቻውን። ሁለቱም በየሄዱበት ቀሩ። የነሱ ኦመን ስፓይኩ ላይ ስሞክ ጣለ። ከስሞኩ ውስጥ የማክሸፉ ድምፅ መጣ። እኛ ሁለት የቀረነው በጭፍን ወደ ጭሱ ተኮስን። እሳት ቢኖረን ኖሮ ሰውዬው ወይ ይለቃል ወይ ይቃጠላል። እሳቱ የት ገባ? ፊኒክሳችን ሳይቱ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ስለተመታ ራሱን ለማከም አቃጥሎታል። የሬዝ ቦምብ የት ገባ? መግቢያው ላይ አልቋል። በመጨረሻም ከኋላችን አንድ ሰው ብቅ አለና ሁለታችንንም ሰበሰበን። ያ መንገድ የቼምበር ወጥመድ የሚቀመጥበት ነበር። ወጥመዱ አልተቀመጠም። ለምን አልተቀመጠም? ቼምበር የነበርኩት እኔ ነኝ። ስናይፐሩን ይዤ ጥሩ ጥይት እየጠበቅኩ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቼምበር በጨዋታው ዝርዝር ውስጥ ሴንቲኔል ተብሎ ነው የተጻፈው። ጀርባ ጠባቂ ማለት ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ የኛ ቡድን ጀርባ ጠባቂ ነበረው። በሜዳው ግን ጀርባችን ባዶ ነበር።

ስለ ሚዛናዊ ቡድን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚባለው «አንድ ዱዌሊስት፣ አንድ ኢኒሺዬተር (እንደ ሶቫ ያለ፣ መግቢያውን የሚያመቻች)፣ አንድ ኮንትሮለር፣ አንድ ሴንቲኔል፣ አምስተኛው እንደ ማፑ» ነው። ክፉ ምክር አይደለም። ጀማሪ ከሆናችሁ ዛሬ ማታ እሱን አድርጉ፤ አይጎዳችሁም። እኔ ግን ሚዛንን የማየው በኤጀንት ስም አይደለም። በራውንዱ ውስጥ መሠራት ያለባቸው ሥራዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሥራ ባለቤት አለው ወይ? የማይታየውን፣ ማንም ክሊፕ የማይቆርጥለትን ሥራ የሚሠራ ሰው አለ ወይ? እሱን ነው የምጠይቀው።

ነገሩ ከታሪኩም ይገባችኋል። ካውንተር ስትራይክ እ.ኤ.አ. በ1999 ሃፍ ላይፍ የሚባል ጨዋታ ሞድ (በተጫዋቾች የተሠራ ቅያሪ) ሆኖ ሲወጣ ዱዌሊስት የሚባል ነገር የለም። ዛሬም የለም። ሁሉም ሰው ያው ሰው ነው፤ በየወገኑ ከአንድ ዓይነት ሱቅ ይገዛል፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይሮጣል። ማንም የሥራ ድርሻ አልሰጣቸውም። ግን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሥራ ተከፋፈሉ። ቀድሞ የሚገባው ኢንትሪ ተባለ። ኤደብሊውፒ የምትባለዋን ስናይፐር የሚይዘው ተለየ። ብቻውን ዞሮ የሚያደባው ለርከር ተባለ። ፍላሽ (ዓይን የሚያሳውር ብልጭታ) እና ስሞክ የሚወረውረው ሰፖርት፣ ሳይት ላይ ተክሎ የሚቀረው አንከር፣ የሚመራው አይጂኤል። ራዮት ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሎራንትን ሲያወጣ ለነዚህ ሥራዎች የቀረበ ነገር ወስዶ ስምና ፊት ሰጣቸው። ሥራው ቀድሞ ነበር፤ ስሙ በኋላ መጣ። እኛ ደግሞ ስሙን ይዘን ሥራውን ጣልነው።

ያቺኑ አሴንት ኤ ሳይት እንደገና እንግባ። አሁን ሥራ ተከፋፍለን።

ከመግባታችን በፊት ሶቫ ቀስቱን ይወረውራል። ሳይቱ ላይ ማን እንዳለ፣ የት እንዳለ ይታያል። ኦመን ሁለት ስሞክ ይጥላል፤ አንዱ ሄቨን ላይ፣ አንዱ ትሪ ላይ። የኦመን ስሞክ 15 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። (እነዚህ ቁጥሮች በየአፕዴቱ ይነካካሉ፤ ሁልጊዜ ራሳችሁ እዩ።) ስለዚህ አሁን 15 ሰከንድ አለን ማለት ነው። እሱን ቆመን እየተከራከርን ከጨረስነው ስሞኩ ባይጣል ይሻል ነበር። ጄት ትገባለች። ሳይቱ ውስጥ የቀረ ሰው ካለ ሊገድላት ይችላል። ይግደላት። ጥያቄው ሁለተኛው ሰው የት አለ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቡድኖች ከሁሉ በላይ የሚሸወዱት እዚህ ነው። ጄት ስትሞት የገደላት ሰው ቦታው ታውቋል፣ መሣሪያው ወደሷ ዞሯል፣ ጥይቱም ጎድሏል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ሰው ከጎኗ ካለ ገዳዩን ይገድለዋል። ይሄ ትሬድ ይባላል። አንድ ለአንድ ተለዋወጥን፣ ሳይቱ ግን የኛ ሆነ። ሁለተኛው ሰው አምስት ሰከንድ ዘግይቶ ከመጣ ግን ገዳዩ ቦታ ቀይሯል፣ ጥይት ሞልቷል፣ ጓደኛም ጠርቷል። የኛን የድሮ ቀረጻ ስቆጥረው ጄታችን ከገባች በኋላ ሁለተኛው ሰው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አራትና አምስት ሰከንድ ቆይቶ ነበር። እኛ ደግሞ «ጄት ቀሽም ናት፣ ሁሌ ቀድማ ትሞታለች» እያልን እንሰድባት ነበር። ልጁ ሥራውን እየሠራ ነበር። ቀሽሞቹ ከኋላ የቀረነው ነን።

ስለዚህ ዱዌሊስት ስትፈልጉ ብዙ የሚገድል ሰው ብቻ አትፈልጉ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ቀድሞ ሞቶ በሦስተኛው ራውንድ ያለ ኩርፊያ የሚገባ ሰው ፈልጉ። እሱ ብርቅ ነው። ሁለተኛውን ሰው ስትፈልጉ ደግሞ ኪል የሚያሳድድ ሳይሆን ከጓደኛው ጀርባ የማይርቅ ምረጡ።

ስፓይኩ ከተተከለ በኋላስ? ኪልጆይ ወይም ሳይፈር ጀርባችንን በወጥመድ ዘግታለች። (ኪልጆይ ርቃ ከሄደች አንዳንድ ዕቃዎቿ ሥራ እንደሚያቆሙ አትርሱ፤ ሳይፈር ሽቦውን ጥሎ ማፑን ዞሮ ቢመጣም ሽቦው አይጠፋም። ይቺ ትንሽ ልዩነት ማን የት ሊቆም እንደሚችል ትወስናለች።) ሶቫ የሚፈነዳውን ቀስቱን አልነካውም፤ ለማክሸፊያዋ 7 ሰከንድ አስቀምጦታል። ተከላካዮቹ ማክሸፉን 3.5 ሰከንድ ላይ ካደረሱት ግማሹ ይያዝላቸዋል፤ ስለዚህ ሶቫ ከግማሹ በፊት መልቀቅ አለበት። ያ ልጅ በዚህ ራውንድ ምንም ላይገድል ይችላል። ግን አንድ ቀስት ለ30 ሰከንድ ይዞ መጠበቅ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ሞክራችሁ እዩት። እጅ ይበላል።

በዚህ ሥራ የምወደው ምሳሌ ከካውንተር ስትራይክ ነው። የዴንማርኩ ቡድን አስትራሊስ አራት ሜጀር (የካውንተር ስትራይክ ትልቁ ውድድር) ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ፣ በ2018 አንድ፣ በ2019 ሁለት። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ተከታታይ ናቸው። ስሞኩን፣ ፍላሹን፣ ሞሎቶቩን (የእሳት ጠርሙሱን) በሰዓቱና በቦታው በመወርወር ነው ስማቸው የሚነሳው። በዚያ ቡድን ውስጥ አንድሬያስ ሆይስሌት የሚባል የሰፖርት ተጫዋች ነበር። ለጓደኞቹ ፍላሽ የሚወረውር፣ ሳይት ላይ ብቻውን የሚቀር ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ በሕይወት የሚተርፈው የመጨረሻው ሰው እሱ ይሆን ነበር። እና ያንን ብቻውን የቀረበትን ራውንድ ደጋግሞ አሸንፎ ደጋፊዎች «የክላች ሚኒስትር» የሚል ስም አወጡለት። ሰፖርት ማለት ደካማ ተጫዋች የሚደበቅበት ቦታ የሚመስላችሁ ካላችሁ የሱን ጨዋታ እዩ።

ሬይንቦው ሲክስ ሲጅ ስለሚባለው ሌላ የተኩስ ጨዋታ አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልለፍ፤ የሥራ ትስስር እንደዚያ ፍጥጥ ብሎ የሚታይበት ጨዋታ አላየሁም። የተጠናከረ ግድግዳ አለ። እሱን ከሚያፈነዱት አጥቂዎች አንዱ ቴርማይት ነው። ተከላካዩ ባንዲት ግድግዳውን ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል፤ የቴርማይት ፈንጂ ሲለጠፍበት ይቃጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ታቸር ኤሌክትሪኩን ማጥፋት አለበት። ታቸር ከሞተ ቴርማይት ፈንጂውን ታቅፎ ግድግዳውን ሲያይ ይውላል። ያለ አንዱ ሌላው ሥራ ፈት ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ። ብዙ ሰው ቡድን ሲመሠርት ኢኮኖሚን ከሚዛን ጋር አያገናኘውም። እኔ ግን ቡድናችን ሲፈርስ ያየሁት ሱቁ ውስጥ ነው።

በቫሎራንት በ800 ክሬዲት ትጀምራላችሁ። የመጀመሪያውን ራውንድ ተሸነፋችሁ እንበል፣ ያላችሁንም ጨርሳችኋል። 1900 ይሰጣችኋል። ሁለተኛውን ደግማችሁ ስትሸነፉ 2400። አሁን ሁለት ልጆች እንውሰድ። የመጀመሪያው በሁለተኛው ራውንድ ምንም አልገዛም። 1900 ሲደመር 2400፣ 4300 አለው። ቫንዳል የሚባለው ጠመንጃ 2900፣ ከባዱ ጥሩር 1000። 400 ተረፈው፣ ለስሞክ ወይም ለፍላሽ። ሙሉ ሰው ሆኖ ገባ። ሁለተኛው ልጅ «እኔ በስፔክተር አሳያቸዋለሁ» ብሎ በ1600 ስፔክተር የሚባለውን ርካሽ መሣሪያ ገዛና ሞተ። 300 ቀርቶታል። 2400 ሲጨመር 2700። ቫንዳል አይገዛም። አንድ ሰው ገድሎ ከሞተ 200 ይጨመርለትና 2900 ይሆናል፤ ቫንዳሉን ገዝቶ በባዶ ደረት ይገባል። አራቱ በታጠቁበት ራውንድ አንዱ ራቁቱን ነው። በሚቀጥለው ደግሞ እሱ ሲኖረው እነሱ አይኖራቸውም። ሰዓታቸው አንዴ ከተዛባ ለመግጠም ብዙ ራውንድ ይፈጃል።

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? እዚህ ቃል በቃል ነው።

የኛ ቡድን ውስጥ ያ ልጅ ማን እንደነበር አልናገርም፤ ዛሬ ጥሩ ጓደኛዬ ነው። ግን ስናይፐር ይወድ ነበር። ኦፕሬተር የሚባለው ስናይፐር 4700 ነው፤ ጥሩር ሲጨመርበት 5700። ያንን መሣሪያ አንድ ሰው ሲይዘው የቡድኑን ገንዘብ ነው የያዘው፤ ሌሎቹ ምናልባት በርካሽ መሣሪያ ገብተውለታል፣ ወይም ጓደኛው ገዝቶለታል። ስለዚህ ስናይፐር የሚይዘው ሰው ከኤይሙ በፊት ሸሽቶ መውጣት መቻል አለበት። አንድ ጥይት ተኩሶ፣ መታም ሳተም፣ ቦታ ቀይሮ መሣሪያውን ይዞ መትረፍ። ኦፕሬተሩን መሬት ላይ ጥሎ የሚሞት ሰው ለጠላት 4700 ነው የሚሰጠው። ከሱ ይልቅ ሸሪፍ በሚባለው ሽጉጥ የሚጫወት ይሻለኛል።

እሺ፣ ማን ይምራ?

ብዙ ቡድን ውስጥ መሪ የሚሆነው ጎበዙ ተኳሽ ነው፤ ወይም ድምፁ ትልቁ። ሁለቱም ያስቸግራሉ። ጥሩ ተኳሹ እያነጣጠረ ማሰብ አለበት፤ ድምፁ ትልቁ ደግሞ ሌላው የሰማውን የእግር ኮቴ ይውጠዋል። መሪ ሌሎቹ የሚያዩትን በጆሮው እየሰበሰበ የጠላትን ገንዘብ በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ይተኩሳል። ኤይሙ ትንሽ ቢወርድበት ይገርማል? በካውንተር ስትራይክ ካሪጋን በሚል ስም የሚታወቀው ፊን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2022 በአንትወርፕ ፌዝ የሚባለውን ቡድን መርቶ ሜጀር ሲወስድ 32 ዓመቱ ነበር። በዚህ ስፖርት 32 ሽማግሌ ነው። በጥይት ከሱ የሚፈጥኑ አራት ልጆች ነበሩት፤ ከተለያየ አገር የመጡ። የሱ ሥራ እነሱን ልክ ቦታቸው ላይ ማቆም ነበር።

መሪያችሁ ስኮርቦርዱ ታች ከሆነ አትሳቁበት። ዝም ካለ ግን ጠይቁት።

አንድ ሰው ሲነሳ አየሁ፤ ጥያቄውን ገምቼዋለሁ። «ኮከብ ያለው ቡድን አይደለም ወይ የሚያሸንፈው?» ያሸንፋል፣ ለምን አያሸንፍም። ናቪ የሚባለው የካውንተር ስትራይክ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 የስቶክሆልሙን ሜጀር ሲወስድ ሲምፕል የሚባለው ኮከብ ተጫዋች ነበራቸው፤ በዚያ ውድድር አንድም ማፕ አልተሸነፉም። ኮከብ አትያዙ የሚል ሰው ካለ ቀንቶ ነው። ግን ያው ናቪ በ2024 ኮፐንሃገን ላይ ያለ ሲምፕል፣ በአሌክሲብ መሪነት፣ በፍጻሜው ፌዝን አሸንፎ ደገመው። በየጨዋታው የሚያበራው ሰው ሌላ ሌላ ነበር። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። የማያስኬደው አምስት ሰው ሆኖ እያንዳንዱ ሲምፕል ነኝ ብሎ መምጣት ነው። የኛ ቡድን ማለቴ ነው።

ስለ ማፕ ባጭሩ። ያ «ከየዓይነቱ አንድ» የሚለው ምክር በማፕ ይለወጣል። ሄቨንና ሎተስ ሦስት ሦስት ሳይት አላቸው። አምስት ሰው ለሦስት ስታካፍሉት አይደርስም፤ በወጥመድ ብቻውን ሳይት የሚያዘገይ ሰው ዋጋው ይጨምራል። ብሪዝ ሰፊና ገላጣ ነው፤ የቫይፐር ረጅም ግድግዳ ሳይኖር ሜዳውን መሻገር ራስን ለስናይፐር መስጠት ነው። ስለዚህ እዚያ ሁለት ኮንትሮለር የሚይዙ ቡድኖችን ብታዩ አይግረማችሁ። ስፕሊት ጠባብ ነው፣ ሬዝ ቦምቧን ስትወረውር ማምለጫ የለም። በዚህ ምክንያት ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ሁለት ሦስት ሥራ የሚችል ቢሆን ጥሩ ነው። አምስቱም ሁሉን እንሞክር ካላችሁ ግን ተዉት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የመጣችሁበት ጉዳይ፦ አራት ነን፣ አምስተኛውን እንዴት እንምረጥ?

እኛ ከዚያ ሽንፈት በኋላ አንድ ሰው ለቀቀንና ምትክ ስንፈልግ የመጣውን ሁሉ የምንጠይቀው ስለ ራንኩ ነበር። ስንት ትገድላለህ፣ ሄድሾትህ ስንት ፐርሰንት ነው፣ የመሳሰለው። ሦስት ሰው እንደዚህ ወሰድን፤ ሦስቱም በወር ውስጥ ሄዱ። አራተኛው ጊዜ ላይ ዘዴ ቀየርኩ። «የተሸነፍክበትን ጨዋታ ቀረጻ ይዘህ ና፣ ምንም ያልገደልክበትን ራውንድ አሳየኝ» አልኩ። የአብዛኛው ሰው መልስ «ያ ራውንድ ቲሜቴ ነው ያበላሸው» የሚል ነው። አንዱ ልጅ ግን ፈልጎ ከፈተው። ብሪምስቶን ይዟል። ሦስት ስሞክ ጣለና ከኋላ ቆሞ ቀረ፤ ጓደኞቹ ገቡ፣ ተከሉ። እሱ አንድ ጥይት አልተኮሰም። ቀረጻውን አቆመና «እዚች ጋ ስሞኬ በር ላይ ክፍተት ትቷል፣ እግሩ ይታያል፣ አየኸው? ጄት የሞተው በዚህ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለኝ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አንዲት ቀጭን ክፍተት ያሳየኛል። እኔ ሳላያት አልፌ ነበር።

ወሰድነው። ራንኩ ከሁላችንም ዝቅ ያለ ነበር።

ልጁ ጸጥ ያለ ነው። ማይክ ላይ የሚናገረው ሦስት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ስሞክ ወረደ»፣ «አምስት ሰከንድ ቀረው»፣ «አለቀ»። ያቺ «አምስት ሰከንድ ቀረው» የምትባል ቃል አጨዋወታችንን ቀየረችው። ቀድሞ ስሞኩ ሲነሳ እንደ በግ ሜዳ ላይ የምንቀር ሰዎች አሁን ቃሏን ስንሰማ ግድግዳ እንፈልጋለን። ስኮርቦርዱ ላይ ሁሌ አራተኛ ወይም አምስተኛ ነው። ማሸነፍ ጀመርን። ሁሉንም ጨዋታ አይደለም፤ እንዳልዋሻችሁ። ግን 13 ለ 4 መሸነፍ ቀረ።

ከዚያ አንድ ቀን ጨዋታ ሊጀመር ሲል «አሞኛል፣ አልመጣም» ብሎ ደወለ። ምትክ ጠራን፤ ምትኩ ሴንቲኔል እንጂ ሌላ አይነካም። ኤጀንት መምረጫው ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። ሁላችንም ዝም። ሁሉም የየራሱን ኤጀንት ይዞ ቁጭ ብሏል። የኦመን ፊት ባዶውን ተቀምጧል። እኔ «ስሞኩን ማን ይጣል?» አልኩ። ጸጥታ። ያን ጊዜ ሬይናችን፣ በሕይወቱ ከሬይና ሌላ የማያውቀው ልጅ፣ እንደ መተንፈስ አለና ኦመንን ነካው።

የመጀመሪያው ራውንድ፣ አሴንት፣ ኤ ሳይት። «ስሞክ ወረደ» አለ በኩራት። ገባን። ሄቨን ላይ መውረድ የነበረበት ስሞክ ፎቁን አልፎ ወርዶ ከጀርባው ተጎልቷል። ተከላካዩ ከስሞኩ ፊት ለፊት፣ ነጭ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ፎቶ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። ሦስታችንን ለቀመን። ማይኩ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማንም አልተናገረም።

ከዚያ ልጁ «አምስት ሰከንድ ቀረው» አለ።